ፈቲያ በሦስት ቋንቋ ያደረገችው ንግግር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ቤት በር ላይ ስደርስ የወርቃማ ቀለም ሽታ ተቀበለኝ፤ ከእነዚያ በቆርቆሮ ተሞልተው ከሚረጩት። የእህቴ ልጅ ሊዲያ ግቢው መሃል ካርቶን አንጥፋ ለመድረክ የሚሆን ትልቅ ኮከብ ትቀባለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በፊት በድሬ ከተማ የወጣቶች የቁንጅና ውድድር አንደኛ ወጥታ ደረቷ ላይ በሰያፍ ሪባን አስረውላታል፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ ቤት ሽሮ እንኳ ፎቶ ሳይነሳ አይበላም። እኔ የቁንጅና ውድድር አልወድም። ለምን እንደማልወድ ሲጠይቁኝ ካነበብኩት አንድ ሁለት ነገር ጣል አደርጋለሁ፤ ሰውም «አንባቢ ነው» ብሎ ይተወኛል። እውነቱ ግን ያ ሽታ ነው።

«ጋሼ፣ እንኳን መጣህ» አለችኝ እጇን በጋዜጣ እየጠረገች። «ቅዳሜ ስታዲየም ንግግር አለብኝ። ለውትድርና ሥልጠና ወደ ሁርሶ ካምፕ የሚሄዱትን ልጆች መሸኛ ነው። አንተ ትጽፍልኛለህ።»

«አዘጋጆቹ አልጻፉልሽም?»

«ጽፈውልኛል። አቦ፣ ብታየው ቃለ ጉባኤ ነው የሚመስለው። እማዬ ደግሞ ጋሼሽ በልጅነቱ ለቆንጆዋ ንግግር ይጽፍ ነበር፣ ስታዲየሙን ያስለቅሰው ነበር አለችኝ።»

«እናትሽ ብዙ ታወራለች።»

«ውሸቷን ነው?»

ውሸቷን ቢሆን ደስ ባለኝ። እስከ ሐሙስ ጠብቂኝ አልኳት።

ሐሙስ ያልኩት ጊዜ ለመግዛት ነው። እንዲህ ያለ ንግግር ከጻፍኩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። የመጨረሻውን የጻፍኩት ለፈቲያ፣ ለያኔዋ የከተማው ቆንጆ ነው። እሷ ተናገረችው፤ ጓደኛዬ ታምሩ ሰምቶት ዘመተ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ያመሰገነውን እየነቀፍኩ፣ ሰው ሁሉ የነቀፈውን እያመሰገንኩ በየጋዜጣው ብዙ ጽፌአለሁ፤ ሰውን ከቤቱ አስነስቶ የሚወስድ ዓረፍተ ነገር ግን አልጻፍኩም። አሁን አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዲያ ያለውን ዓረፍተ ነገር አፏ ውስጥ አስቀምጥልኝ ትለኛለች። እምቢ ብላት የአዘጋጆቹን ታነባለች። እሺ ብላት የእኔን ታነባለች፤ የእኔ ደግሞ ይሰማል።

ፈቲያ ያሸነፈችበትን ዘመን ሁሉም እንደሚመቸው ይጥራው። እኔ የማስታውሰው ለስላሳ በአንድ ብር ከሃያ አምስት ይሸጥ እንደነበር፣ ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ በጋሪ በሃምሳ ሳንቲም ይኬድ እንደነበር፣ ደህና ጂንስ የሚገኘው የጅቡቲ ባቡር በገባ ማግስት ታይዋን ገበያ እንደነበር ነው። ወንዱ የሸሚዙን የላይ ሦስት ቁልፍ ከፍቶ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ነው ይላል እንጂ ደረቱን ለማሳየት ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል ወይም ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ያኔ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር የሚሰማው ጥግ ላይ ያለው የካሴት ቤት ብቻ ነው፤ አንዱን ዘፈን ከሰኞ እስከ እሑድ ሳይሰለች ይደጋግመዋል። ዛሬ ያ ጥግ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፤ ጋሪውም ባጃጅ ሆኗል። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ተሰብስበው ድሮ ሁሉ ነገር ይጥም ነበር ሲሉ እሰማለሁ። አይጥምም ነበር። ለስላሳው ትኩስ ነበር፤ ጋሪው ይሸት ነበር፤ ጂንሱ ሁለቴ ሲታጠብ እንደ ብራና ይደርቅ ነበር። የጣመን አሥራ ስምንት ዓመታችን መሆኑ ነው።

ፈቲያ ያደገችው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው። አባቷ ባቡር ጥገና የሚሠራ ኦሮሞ፣ እናቷ ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ። ከአባቷ ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ከእናቷ ጋር በሶማልኛ ትታረቃለች፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ትሳሳቃለች። ባሸነፈች ጊዜ ሪባኗን እናቷ ከመጋረጃ ሳቲን ሰፋችላት፤ ዘውዷን ደግሞ የአባቷ ጓደኛ ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ቆርጦ ወርቃማ ቀለም ረጨላት። ቀለሙ በደንብ አልደረቀም ነበር፤ በየሄደችበት ያ ሽታ አብሯት ይሄዳል። የድሬ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆርቆሮው ግንባሯን ስለሚያቃጥላት መሐረብ አጥፋ ከሥሩ ታደርጋለች። ከሩቅ ንግሥት፣ ከቅርብ ግንባሯ የታመመ ልጅ ትመስላለች።

የቁንጅና ውድድሩ ኮሚቴ በአንድ አሮጌ ፔጆ ጭኖ ያልወሰዳት ቦታ የለም። ሆስፒታል ሄዳ ለሕሙማን ሳሙና አድላለች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሄዳ ስለ ሥራ ክቡርነት በዕድሜ ሦስት እጥፍ ለሚበልጧት ሠራተኛ ሴቶች አስረድታለች፤ ለጸጉር ቤት ምርቃትም ሪባን ቆርጣለች። አንድ ጊዜ ሐርላ ድረስ ወሰድናት፤ ከድሮው ፍርስራሽ አጠገብ ችግኝ ልትተክል። ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዘውዷንና ሪባኗን ትክ ብለው አይተው፣

«ሙሽራዋ የማን ናት?» አሉ።

«የከተማው ናት፣ አባባ» አላቸው የኮሚቴው ሊቀመንበር እየሳቀ።

«ከተማው ስንት ግመል ሰጠ?»

ሁላችንም ሳቅን። ፈቲያ ግን መልሱን የምትጠብቅ ይመስል ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። ችግኙን ፍየሎቹ በሳምንቱ በሉት።

ንግግሮቿን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት በድርሰት አንደኛ ስለወጣሁ ሊቀመንበሩ ጠራኝና በዚያው ቀረሁ። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ሊቀመንበሩ ያነባል፣ አንድ ቃል ሰርዞ ሥልጣኑን ያሳያል፤ ፈቲያ ትሸመድደዋለች። መድረክ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በኦሮምኛ፣ በመጨረሻ በሶማልኛ ትናገራለች። ይሄ በድሬ መድረክ የተለመደ ነው፤ ያኔም አሁንም አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ይባላል። ትርጉሙን ማንም ጽፎ አይሰጣትም፤ ማንም አይመረምረውም። የድሬ ልጅ ሦስት ቋንቋ ያውቃል ይባላል። እኔ ከአማርኛ ውጭ በሁለቱ ሳምቡሳ መግዛትና መሳደብ እችላለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ሁለቱን ቋንቋዎች ስትጀምር ከመድረኩ ጀርባ ሄጄ ለስላሳዬን እጠጣለሁ፤ የእኔ ሥራ አልቋላ።

ታምሩ ግን ሳምቡሳም በአማርኛ ነበር የሚገዛው። አባቱ ሥራ ተዛውረው ከደጋ ሲመጡ አብሯቸው መጣ፤ ከእኛ ክፍል ገባ። ጋቢ ለብሶ ድሬ የገባ ሰው ብለን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቅንበት። እሱም ይስቅ ነበር። «እናንተ ስትሳደቡ የት ጋ ማዘን እንዳለብኝ ስለማላውቅ በሁሉም እስቃለሁ» ይለኝ ነበር። ከእኔ በቀር የሚያጫውተው አልነበረም። ፈቲያን ከሩቅ ይወዳት ነበር፤ የምትናገርበት ቦታ ሁሉ ይመጣል፤ አንድም ቀን አላናገራትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ የሚያውቁ ይጻፉ። እኔ የማውቀው የሊቀመንበሩ ድምፅ መለወጡን፣ የካሴት ቤቱ ዘፈን መለወጡንና ስታዲየም ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ስም መመዝገብ መጀመሩን ነው። ለመሸኛው ቀን ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ጻፍኩ። «አገር የእናት ድምፅ ናት፤ እናት ስትጣራ ኋላ እመጣለሁ የሚል ልጅ አልወለደችም» ብዬአለሁ። «እኔ እህታችሁ ዘውዴን የምሸከመው እናንተ አገሬን ስለምትሸከሙልኝ ነው» ብዬአለሁ። ዛሬ ሳየው ባዶ ቆርቆሮ ነው። ባዶ ቆርቆሮ ግን ከሞላው ይልቅ ይጮኻል።

ፈቲያ አማርኛውን አንድ ቃል ሳታዛንፍ ተናገረችው። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ኦሮምኛውን ጀመረች። እኔ ከመድረኩ ጀርባ ነበርኩ። መጀመሪያ ስታዲየሙ ጸጥ አለ፤ ሶማልኛው ጋ ስትደርስ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። ጽሑፌ በትርጉም እንኳ እንዲህ ካደረገ አልኩና ደረቴ አበጠ። ያኔ ነው ታምሩ ከሕዝቡ ወጥቶ ወደ እኔ የመጣው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ነው» አለ። ትንሽ ቆመ። ሌላ ነገር ልጨምርለት የጠበቀ ይመስለኛል። ሌላ አልጨመርኩም። ሄዶ ጠረጴዛው ጋ ተሰለፈ።

በማግስቱ ታይዋን ውስጥ ሳልፍ አንዲት የማላውቃት ሶማሌ ሴት እጄን ይዛ ሳመችው። «ንግግሩን አንተ ጻፍከው አሉኝ» ብላ ከሱቋ ነጭ ሸሚዝ አውርዳ በነጻ ሰጠችኝ። አገር ወዳድ ናት ብዬ ተቀበልኳት። የታምሩ መርዶ ለአባቱ ሲመጣ ለቅሶው ላይ ያንን ሸሚዝ ነበር የለበስኩት። አባቱ ብዙም ሳይቆዩ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ደጋ ተመለሱ። እኔም ለትምህርት አዲስ አበባ ሄድኩ፤ እዚያው ኖርኩ፤ ወደ ድሬ የተመለስኩት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ፈቲያ መጋላ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ እንዳላት አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ሳልፍ በማዶኛው ጠርዝ ነው የማልፈው።

ረቡዕ ዕለት ግን ተሻግሬ ገባሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ሱቆች ከእንቅልፍ እየተነሱ ነው። ፈቲያ ወፍራለች፤ መነጽር አድርጋለች፤ ግንባሯ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ለምን እንደፈለግኩት አላውቅም።

«ዋሪያ፣ አንተ ሰው» አለችኝ ሳትነሳ። «ስድስት ዓመት ማዶ ማዶውን እንደ ሌባ ስታልፍ አይሃለሁ። ዛሬ ምን አጋጠመህ፣ ባጃጅ ገፋህ?»

«የእህቴ ልጅ ቆንጆ ተብላለች።»

«አይቻታለሁ። ቆንጆ ናት። አንተን አትመስልም።»

ጉዳዩን ነገርኳት። ልጅቷ ንግግር ጻፍልኝ አለችኝ፤ ያኔ አንቺ የእኔን ጽሑፍ ተናግረሽ አንድ ጓደኛዬ ሞቶብኛል፤ አንቺ በሦስት ቋንቋ ተሸክመሽው ምን አድርገሽ ኖርሽ፣ እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አልኳት። መነጽሯን አወለቀች።

«በሦስት ቋንቋ?» አለች። «አንተን ማንም አልነገረህም?»

«ምኑን?»

«ያንተን በአማርኛ ብቻ ነው ያልኩት።»

አንዲት ደንበኛ ገብታ ስለ አንድ ጨርቅ ዋጋ ጠየቀች፤ ፈቲያ በሶማልኛ መለሰችላት፤ ሴትየዋ ወጣች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። እናቷ ከመድረኩ ሥር፣ ታናሽ ወንድሟን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። በኦሮምኛ ልትጀምር ስትል አባቷ ጥግ ላይ ታያት። «በአባቴ ቋንቋ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ልጃችሁን ስጡ ልበላቸው? አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ሌላ ተናገርኩ። የምትሄዱ በእግራችሁ ተመለሱ፣ እኔ የማጨበጭበው ለሚመለስ ነው አልኩ። እናቱ ሌላ ልጅ የሌላት እናቱ ጋ ይቆይ፣ ዛሬ ስሙን ባላስመዘገበው ላይ ማንም እንዳይስቅ፣ የሳቀበት ከእኔ ጋር ይጣላል አልኩ። ይኸው ነው።»

«ኮሚቴው ውስጥ የሚሰማ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ። አንዱ የአባቴ ዘመድ ነው። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ሲያይ ቆየ።»

ነጭ ሸሚዝ የሰጠችኝ ሴት ለምን እጄን እንደሳመች ያኔ ገባኝ። ልጇ ቤቱ ቀርቶላት ነበር። ያመሰገነችኝ ላልጻፍኩት ንግግር ነው።

«አማርኛውንስ ለምን ተውሽው?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«አማርኛው ያንተ ነበር። ሊቀመንበሩ አንብቦታል፣ አንድ ቃል ባጎድል ያውቃል። ደግሞ...» ጨርቁን ታጥፈዋለች፤ ትዘረጋዋለች። «ደግሞ በድሬ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ማን አለ አልኩ። በአንዱ ያልሰማኝ በሌላው ይሰማኛል። እዚህ ሁሌም እንደዚያ አይደል? ዋላሂ፣ ትዝ አላለኝም። ያ ደገኛ ልጅ ጠረጴዛው ጋ ሲሄድ ነው ያየሁት። ፈገግ እያለ ነበር። ስሙን ያወቅሁት ኋላ ነው።»

«ታምሩ።»

«ታምሩ» አለች።

ስለ አገር ብዙ አንብቤአለሁ፤ አንዳንዱ አሳምኖኛል፤ አብዛኛው አሰልችቶኛል። የሚያፈቅሯትንም የሚያሽሟጥጧትንም እኩል ስጠረጥር ኖሬአለሁ። ፈቲያን፣ ያኔ አገር ትወጂ ነበር ወይ አልኳት፤ ጥያቄው ከአፌ እንደወጣ አፈርኩበት። «ስለምወዳት ነው ተመለሱ ያልኩት» አለችኝ። «ሁሉም ሄዶ ከቀረ ማን ሊኖርባት ነው? አንተ?» ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም። ሸክሙ ለሁለት ሲካፈል ይቀላል ይባላል፤ ይሄ ግን አልቀለለኝም። እስከዚያ ቀን ታምሩን የወሰደው የእኔ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እዚያው ስታዲየም ውስጥ፣ እሱ ከቆመበት ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ቤትህ ቆይ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተነግሮ እንደነበር አወቅኩ። ጎኑ የነበሩት ሁሉ ሰሙት። እሱ የት ጋ ማዘን እንዳለበት ስላላወቀ ሳይስቅ አልቀረም።

ፈቲያ ያኔ ያለችውን በአማርኛ እንድትደግምልኝ ለመንኳት፤ እሷ እያለች ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ሐሙስ ለሊዲያ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣ ደገመችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ንግግር አይደለም።»

«አይደለም።»

«አያስጨበጭብም።»

«አያስጨበጭብም።»

«ሪባኔን ቢነጥቁኝስ?»

«ሊነጥቁሽ ይችላሉ። የአዘጋጆቹም ወረቀት አለሽ። እኔ አልቀየምሽም።» ከዚያ ስለ ታምሩ ነገርኳት። እናቷ ስታዲየሙን ያስለቅሰው ነበር ብላ የነገረቻትን ንግግር ማን ሰምቶ ምን እንደሆነ ነገርኳት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የትኛውን እንደምታነብ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ቅዳሜ ከመድረኩ ጀርባ አልሄድኩም። ከሕዝቡ መሃል ቆምኩ። ሊዲያ ወጣች፤ ሁለት ወረቀት ይዛለች፤ አንዱን መልሳ አጠፈችው። የፈቲያን ቃል በአማርኛ፣ በቀጭን ድምፅ አነበበችው። እንዳለችውም አላስጨበጨበም። አጠገቤ ያለ ሰው «አለቀ እንዴ?» አለ። አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የመድረኩ መሪ በሌላው ቋንቋ እስኪደገም ሳይጠብቅ ቶሎ ብሎ ማይኩን ተቀበላትና ሙዚቃ እንዲቀጥል አዘዘ። ልጆቹም እንደተሰለፉ ተራ በተራ ወደ አውቶቡሶቹ ሄዱ፤ ከሰልፉ የወጣ አላየሁም። ያኔ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ታምሩም የእኔን ጽሑፍ ባይሰማ ኖሮ ይሄድ ነበር ይሆን? ሃያ ምናምን ዓመት ጸጸት ብዬ የያዝኩት የጸሐፊ ትዕቢት ቢሆንስ? ይሄን የሚነግረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አልተመለሰም።

ሊዲያ በበሩ በኩል መጣች። ሪባኗ ደረቷ ላይ አለ። እጇ ግን ባዶ ነው።

«ወረቀቱስ?» አልኳት።

«ስወርድ ከሚሄዱት አንዱ ለመነኝ። ለእናቴ የምልክላት ነው አለኝ። ሰጠሁት።»

«ስሙን ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅኩትም።» ፊቷ ተለወጠ። «ልጠይቀው ነበር እንዴ?»

አውቶቡሶቹ ሞተር አስነስተዋል። የትኛው ውስጥ እንደገባ ታውቂያለሽ አልኳት፤ አላውቅም አለች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ነው የለበሱት፤ ሁሉም በመስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል። መንገዱ ዳር ወጥታ ቆመች። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲያልፍ እጇን አወዛወዘች፤ ሁለተኛው ሲያልፍም፤ ሦስተኛው ሲያልፍም፤ በየመስኮቱ እያንዳንዱን ፊት እየፈለገች። እኔም ከጎኗ ቆሜ እጄን አነሳሁ። የመጨረሻው አልፎ አቧራው እስኪወርድ ድረስ ሁለታችንም እጃችንን አላወረድንም።